ዋስ የሌለው ሰው ሥራ ሲፈልግ

ይህ ፖስት ረጅም ነው። ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ቡና ሲፈላ አንብቡት።

"ቲቸር፣ የት ጠፋህ?" እያላችሁ በኢንቦክስ ለጻፋችሁልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሁሉ በአንድ ላይ ልመልስ። አልጠፋሁም፤ ናይሮቢ ነኝ። የምሠራውም ያንኑ ያስተማርኳችሁን ነው፤ ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ። "ጠፋህ" የምትለዋ ላይ ግን አንዲት ፊደል አስተካክሉልኝ፦ "ጠፋሽ" በሉኝ። ትራንስ ሴት ነኝ። ስወለድ ወንድ ተብዬ ተመዘገብኩ፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ግን ራሴን የማውቀው በሴትነቴ ነው። የጠረጠራችሁ አላችሁ፣ ጭራሽ ያላሰባችሁትም አላችሁ። አሁን ከራሴ አፍ ስሙት።

የምጽፈው ለመከራከር አይደለም። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ሰፈሩንም ትምህርት ቤቱንም አልናገርም። የጻፈችልኝ ልጅ እንደ እኔው ናት፤ አካውንቲንግ እየተማረች ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ "ልተወው መሰለኝ። ተመርቄስ ማን ይቀጥረኛል?" ለእሷ በግል መልሼላታለሁ። ይህን ጥያቄ በሆዳቸው የያዙ ሌሎችም እንዳሉ ግን አውቃለሁ። ቀጣሪ የሆናችሁ ተማሪዎቼም ታነቡኛላችሁ። ስለዚህ ስለ ሥራ ብቻ ልጻፍ። ስለ እንጀራ።

አማርኛችን ሱሪ ለብሳ ኳስ የምትጫወት፣ ጮክ ብላ የምታወራ ልጅን "ወንዳወንድ" ይላታል። ቃሉ ውስጥ ትንሽ አድናቆት አለ። "ሴታሴት" ውስጥ ግን ቅንጣት አድናቆት የለም። እኔ ጎፋ ውስጥ ያደግሁት በዚያኛው ቃል እየተጠራሁ ነው። ገና ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ገብቶኛል፤ የእኔ ዓይነት ሰው የሚኖረው ወይ ተደብቆ ነው ወይ ሌላው የማይችለውን ሥራ በመቻል። ሁለቱንም ሞከርኩ።

በ2006 እዚያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ማስተማር ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ ችግር አልነበረብኝም። ተማሪ የሚፈልገው የባንክ ማስታረቂያው እንዲገባው ነው፤ የአስተማሪው አረማመድ ቢያስቀው አንድ ሳምንት ነው። ደግሞ "ቲቸር" የሚለው ቃል ጾታ የለውም። ስድስት ዓመት ሙሉ "ቲቸር" ስባል የተሰማኝን ምቾት ልነግራችሁ አልችልም።

ጥቅምት 2012 ላይ ውልሽ አይታደስም ተባልኩ (እነሱማ "ውልህ" ነው ያሉት)። በጽሑፍ ምክንያት አልተሰጠኝም። በቃል የተነገረኝ "ወላጆች እያወሩ ነው" የሚል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ሕግ ልጥቀስ፤ ትራንስ ሆናችሁም አልሆናችሁ ይጠቅማችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የፖለቲካ አመለካከት ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆኑም ይላል። ስለ እኔ ዓይነት ሰው በስም የተጻፈ ግን የለበትም። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል። ትራንስ መሆን በዚያ አንቀጽ አልተጠቀሰም፤ ሰፈር ውስጥ ግን ማን ይህን ይለያል? ፖሊስ ጣቢያስ? ስለዚህ ክስ የሚባል ነገር አላሰብኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ። አዋጁ በአንቀጽ 12 አሠሪው ይህን ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያዘዋል፤ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ተጽፎ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሰጡኝ። "አቶ" ይላል። ይበል፤ ስድስት ዓመቴ ወረቀት ላይ አለ።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ ተጀመረ።

አዲስ አበባ ላይ ሥራ የፈለገ ሁሉ ያውቃታል፤ ማስታወቂያው ግርጌ "በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል" የምትል መስመር አለች። ሥራው ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ከሆነማ አይቀሬ ናት። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ይፈርምላችኋል። ማን ነው የሚፈርመው? አጎት። ታላቅ ወንድም። የአባት ጓደኛ። የአክስት ባል። እስቲ አስቡት፤ ቤተሰቡ ያባረረው ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? ትራንስ ሰዎችና ሥራ ሲባል ስለ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ አለባበስ፣ ስለ ስድብ ነው የሚወራው። እኛ ከተማ መጀመሪያ የሚዘጋው በር ግን ይህ ነው። ማንም አይሰድባችሁም፣ ማንም ፊታችሁን እንኳ ልብ ብሎ አያይም፤ ብቻ ፎርሙ ላይ ያቺ ቦታ ባዶ ትሆናለች። እኔ ሁለት ቦታ ፈተናውን አልፌ በዋስ ብቻ ቀርቻለሁ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንደኛው ጋ የነበረችው የሰው ኃይል ሠራተኛ እንዲያውም "ፈልግ፣ ታገኛለህ" ብላ አንድ ሳምንት ጨምራልኛለች። ሳምንቱ አለቀ።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ። ሰው እየሞተ ይህን መናገር ነውር ይመስላል፤ ግን ማስክ ግዴታ ሲሆን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀሞ ሜክሲኮ ድረስ ታክሲ ውስጥ ማንም ሳያፈጥብኝ ሄድኩ። ግማሽ ፊት ይበቃኝ ነበር ለካ።

ግንቦት ላይ ከእናንተ አንዷ ደወለችልኝ። ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች። አክስቷ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላቸው። ሒሳብ ሠራተኛው ጥሎ ሄዷል፣ የሦስት ወር ተጨማሪ እሴት ታክስ አልታወቀም። "ቲቸር፣ ደረሰኙ ማዳበሪያ ውስጥ ነው ያለው" አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ሳይ እውነትም ማዳበሪያ ነው። የሚስማር፣ የቆርቆሮ፣ የቀለም፣ የሲሚንቶ ደረሰኝ ተደባልቆ፤ ግማሹ ላይ የቀለም ጣሳ ተቀምጦበት ቁጥሩ አይነበብም።

ሴትዮዋ ስልሳን የተሻገሩ የመንዝ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የታየሁትን ያህል ታየሁ። ከዚያ "ዋስ አለዎት?" አሉኝ። "የለኝም" አልኩ። ትንሽ ዝም ብለው፣ "እንግዲያው ገንዘብ አይነኩም፣ ወረቀት ብቻ ነው የሚነኩት። ለወረቀት ምን ዋስ ያስፈልጋል" አሉ።

የኔ ሥራ የተጀመረው በዚህች ንግግር ነው። ተማሪዎቼ ከሆናችሁ ደግሞ ትዝ ይላችኋል፤ ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው አንድ ሰው አይሁን ብዬ ስንቴ ጮኼባችኋለሁ! የውስጥ ቁጥጥር የመጀመሪያ ትምህርት ነው። እሳቸው ኮሌጅ ሳይገቡ ደረሱበት። ካሽ ሬጅስተሩ ልጃቸው ጋ፣ መዝገቡ እኔ ጋ። እንዲህ ከተከፈለ እኔ ብሰርቅ የምሰርቀው የለም፤ ዋስ የሚሸፍነው አደጋም የለም። በሰባት ሳምንት ማዳበሪያው ተራግፎ ፒችትሪ ውስጥ ገባ።

ሴትዮዋ ለሁሉም ሰው "እርስዎ" ነው የሚሉት። ለኮንትራክተሩም፣ ሲሚንቶ ለሚያወርደው ልጅም። ይህ ነገር ለእኔ ምን እንደነበር ለማስረዳት ትንሽ ሰዋስው ልግባ። አማርኛ "እኔ" ስንል ወንድ ነህ ሴት ነሽ አይለንም። "አንተ" እና "አንቺ" ላይ ሲደርስ አፋጦ ይይዘናል፤ ግሡ ጭራ ላይ ሳይቀር። "እርስዎ" እና "እሳቸው" ላይ ደግሞ መልሶ ይለቀናል። "ሒሳቡን ይጨርሱ"፣ "እሳቸው ያውቁታል"፤ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ፈረንጆቹ ስለ ተውላጠ ስም ስንት ፖሊሲ ይጽፋሉ። እኔ ሦስት ዓመት የሠራሁት አክብሮት ጾታን በሚተው ቋንቋ ውስጥ ነው፤ ያውም ማንም አስቦበት ሳይሆን አያቶቻችን እንዲህ ስለሚያወሩ ብቻ።

አንድ ቀን አንድ አከፋፋይ እኔ እየሰማሁ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ወንድ ነው ሴት?" አላቸው። ቀና ሳይሉ "ሒሳብ ሠራተኛዬ ናቸው" አሉት። በቃ። የእሱ ጉዳይ እዚያ ላይ አለቀ።

ስለ እኔ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ጠይቄያቸው አላውቅም። ሃና ማርያምን ሳይሳለሙ ሱቅ የማይከፍቱ ሰው ናቸው፤ በግልጽ ብነግራቸው ምን እንደሚሉ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ሳይነገር የቆየ ስምምነት ነበረን፤ እሳቸው አይጠይቁም፣ እኔ የወሩን ማስታወቂያ አላሳልፍም። ይህ ምቹ የሥራ ቦታ ይባላል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይባላል። የተሟላ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይደለም። ግን በልቼበታለሁ።

አንዱ ሱቅ ሌላውን እየወለደ በ2015 ዘጠኝ ደንበኛ ደርሼ ነበር፤ ለቡ ሁለት የእንጨት ሥራ ቤት፣ ጀሞ አንድ ፋርማሲ፣ መካኒሳ ዳቦ ቤት፣ የቀሩት እዚያው ጋርመንት ዙሪያ። ወር በገባ ቁጥር 15 በመቶ ተ.እ.ታ፣ የደመወዝ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ፤ 7 በመቶ ከሠራተኛ፣ 11 በመቶ ከአሠሪ። ላፕቶፕ የገዛሁት በዕቁብ ነው። ያ ዕቁብ ሲደርሰኝ ዳኛው "ዋስ?" አለኝ፤ ሴትዮዋ ከኋላ "እኔ" አሉ። እንግዲህ በሦስት ዓመት ከ"ወረቀት ብቻ" እዚያ ደረስን።

የማይፈታው ወረቀቱ ነው። በእኛ አገር ስም በፍርድ ቤት ማስቀየር ይቻላል። የስም አወጣጣችን ደግሞ ደግ ነው፤ የአባትና የአያት ስም ጾታ አይናገርም፣ እንደ ደስታና ስንታየሁ ያለ ስም የደረሰው ሰውማ በመጀመሪያው ስምም ያመልጣል። "ጾታ" የሚለውን ሳጥን የሚያስቀይር ሥርዓት ግን የለም። ዲግሪ፣ የግብር ከፋይ ምዝገባ፣ አሁን ደግሞ ፋይዳ፤ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ። መልክና ወረቀት በተራራቁ ቁጥር ባንክ መስኮት ላይ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል።

እዚህ ናይሮቢ ከመጣሁ በኋላ የኦድሪ ምቡጓን ነገር በደንብ አነበብኩ። ኬንያዊት ትራንስ ሴት ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ልትቀጠር ስትል የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬቷ ላይ ያለው የወንድ ስም እንቅፋት ሆነባት። የአገሪቱን የፈተናዎች ምክር ቤት ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስሟ ተቀይሮ፣ የጾታ ምልክቱም ቀርቶ አዲስ ሰርተፊኬት እንዲሰጣት ወሰነ። ልብ በሉ፣ ኬንያም የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ሕጓ የምትቀጣ አገር ናት። ዳኛው ያዩት ግን ቀላሉን ጥያቄ ነው፤ ፈተናውን የወሰደው ሰው ማን ነው፣ ውጤቱስ ከጾታው ጋር ምን አገናኘው? እኔ ይህን ሳነብ እንደ አስተማሪም ነው ደስ ያለኝ። ትራንስክሪፕት ላይ "ኤ" ያገኘው ጭንቅላት ነው።

ሥራ ብቻውን ግን አይበቃም። ሕንድ ውስጥ የኮቺ ከተማ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከፈት 23 ትራንስ ሰዎችን ቀጠረ። ዓለም አጨበጨበ። ወዲያው ስምንቱ ለቀቁ፤ አለቃ ስላስቸገራቸው አይደለም፣ ቤት የሚያከራያቸው ስላጡ ነው። ይህን ዜና ያነበብኩት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ አከራዬ "ጎረቤት ይጠይቃል" እያሉ ኪራይ በሚጨምሩበት ወር ነበር። ለቤቱ ከደመወዜ ግማሽ እከፍል ነበር፤ ግማሹ ለቤቱ፣ የቀረው ለዝምታው።

ነሐሴ 2015 ላይ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስረዝምም። ጥቆማ የሚባል ነገር ሲመጣ ዘጠኝ ደንበኛ ማለት ዘጠኝ የሚያውቁሽ ሰፈር ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ሀብቴ የነበረው መታወቄ ነበር። መዝገቦቹን ሁሉ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ዘግቼ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ፋይሉን በፍላሽ አስረክቤ፣ ኅዳር 2016 ላይ በሞያሌ ወጣሁ። በይፋ ስለ ራሳቸው ከተናገሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን መካከል የሆኑት የሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ መሥራች ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝም ከአገር ወጥተው ኦስትሪያ ነው የተጠለሉት። የእኛ ሰው ሙያ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ መሐል ላይ ይቆረጣል።

እንደገና ከዜሮ መጀመር ምን እንደሆነ ሳስብ ሊን ኮንዌይ ትመጣብኛለች። አሜሪካዊት የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበረች። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ሴትነት ልትሸጋገር መሆኑን ሲያውቅ አባረራት። ስሟን ቀይራ፣ የድሮ ሥራዋን ለማንም ሳትናገር፣ እንደ ጀማሪ በኮንትራት ፕሮግራመርነት ጀመረች። ከዚያ ዜሮክስ ገባች፤ በ1980 ከካርቨር ሚድ ጋር ያሳተመችው መጽሐፍ የቺፕ ዲዛይን ትምህርትን ለወጠ። አይቢኤም ይቅርታ የጠየቃት በ2020 ነው፤ ከ52 ዓመት በኋላ። ሰዎች የሚያወሩት ስለ ይቅርታው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ያ የኮንትራት ፕሮግራመርነት ጊዜ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማሳየት የማትችል ባለሙያ፣ እጇ ብቻ ነው የመሰከረላት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። የጻፍኩላትን በፈቃዷ ላካፍላችሁ።

አትተዪው፤ ጨርሺ። ዲግሪው ላይ ያለው ስም ባይመችሽም ውጤቱ ያንቺ ነው፣ ያለ እሱ ደግሞ የምትከራከሪበት ወረቀት የለም። ዋስ ከአሁኑ ፈልጊ፤ ቤተሰብ ካልሆነ ከአንቺ ቀድማ የምትመረቅ፣ ደመወዝ የምትይዝ ጓደኛ ትኑርሽ። የመጀመሪያዎቹን 60 የሥራ ቀናት ተጠንቀቂ፤ የሙከራ ጊዜ ነው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። ስለ ራስሽ ለቀጣሪ አትንገሪ። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። "በሥራ ቦታሽ ራስሽን ሁኚ" የሚለው የእንግሊዝኛ ምክር ጥሩ ነው፤ የጻፈው ሰው ግን ጀሞ ቤት አልተከራየም። ማን ይወቅ የሚለውን መምረጥ ያንቺ መብት ነው፤ አሠሪሽ የከፈለው ለሒሳቡ እንጂ ለታሪክሽ አይደለም። ሥራ ስትመርጪ ደግሞ በእጅ የሚታይ ውጤት ያለውን ምረጪ። ሒሳቡ ወይ ይዘጋል ወይ አይዘጋም፤ ማንም አረማመድሽን አይቶ ሊያስቀረው አይችልም።

ቀጣሪ ለሆናችሁት ደግሞ፦ ዋስ የምትጠይቁት የምር አደጋ ስላለ ነው ወይስ ፎርሙ ላይ ስላለ? ቦታው ገንዘብ የማይነካ ከሆነ ያቺን መስመር አውጧት። የሚነካ ከሆነም የኢንሹራንስ ኩባንያዎቻችን የታማኝነት ዋስትና ይሸጣሉ፤ ጠይቁ፣ ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። "እርስዎ" ማለት ደግሞ ነጻ ነው።

እኔ ዛሬ የአንድ አነስተኛ አስመጪ ሒሳብ እሠራለሁ። ከድሮዎቹ ሁለት ደንበኞች ጋርም አልተቋረጥኩም፤ ደረሰኝ በቴሌግራም ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ሴትዮዋ አንዷ ናቸው። አሁንም ቀለም የነካው ደረሰኝ ይልካሉ።

ኮሜንቱ ክፍት ነው። ስድቡን አጠፋለሁ፣ ጥያቄውን እመልሳለሁ። አንድ ጉዳይ አለኝ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ደመወዝተኛ የሆናችሁና ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ የሆናችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። ሁለት ሰው ይጠብቃል፤ ሁለቱም ፈተናውን አልፈዋል። ትራንስ ናቸው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አልመልስም። ማሳደጊያ ያደገም፣ ከገጠር ብቻውን የመጣም ዋስ የለውም። የትምህርት ማስረጃቸውን ራሳቸው ሲፈቅዱ እልክላችኋለሁ። አንደኛው ጋ ያለው ቀነ ገደብ የፊታችን ዓርብ ነው።